ኤንፒአር፣ 24 ቮልት፦ የሽቦና የሴንሰር ሥራ ማስታወሻ፣ ኮምቦልቻ

መኪናው አይሱዙ ኤንፒአር ነው፤ 4ኤችጂ1 ቱርቦ ሞተር፣ 4.6 ሊትር። ሁለት ባለ 12 ቮልት፣ 100 አምፔር ሰዓት ባትሪ በተከታታይ ታስሮ 24 ቮልት ይሰጣል። የናፍጣ ፓምፑ ኢንላይን ነው፤ ለየሲሊንደሩ የራሱ መግፊያ አለው። ናፍጣውን የሚመጥነው ገቨርነሩ ውስጥ ያለ የሚሽከረከር ክብደትና ስፕሪንግ ነው፤ ኮምፒውተር የሚባል ነገር የለውም። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴና ሐይቅ ይጭናል፣ አንዳንዴም ወደ ባቲ ይወርዳል።

ሹፌሩ ያስመዘገበው፦ ደሴ ካደረ ጠዋት ሞተሪኖው (ማስነሻው) ያዞረዋል፣ ነጭ ጭስ ይተፋል፣ አይነሳም። ከሁለቱ ባትሪ አንዱ ሁልጊዜ ቀድሞ ይሞታል። ቁልፍ ተዘግቶ ሞተሩ አልጠፋ የሚልበት ቀን አለ። የሙቀት ጌጁ ጭነት ይዞ ሐረጎን (በኮምቦልቻና በደሴ መሐል ያለውን ዳገት) ሲወጣ እንኳ ከሲ፣ ከቀዝቃዛው ጫፍ፣ አይነቃነቅም። ሐረጎን ሲወርድ ደግሞ ፍሬኖ ሞተሩ (ጭስ ማውጫውን ዘግቶ መኪናውን የሚያዘገየው) አይይዝም፣ የእግር ፍሬኑ ይሸታል። ከዚህ በፊት ያየው ጋራዥ «ሞጁሉ (የኤሌክትሮኒክ መቆጣጠሪያ ሳጥኑ) ተቃጥሏል» ብሎ ሸኝቶታል። የትኛው ሞጁል? አልተነገረውም።

ከመፍታት በፊት

እንዲህ ያለ ሞተር አንዴ ከተነሳ ለመሄድ ኤሌክትሪክ አይፈልግም። (ይህን ለማረጋገጥ ብሎ ሞተር እየሠራ ባትሪ የሚነቅል አለ። ዲናሞው ጭነቱን በድንገት ሲያጣ ቮልቱ ይዘላል፣ ሬጉላተሩንና ያሉትን ሳጥኖች ይዞ ይሄዳል። አይደረግም።) ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠየቀው «የትኛው ሴንሰር ተበላሸ» አይደለም፤ ይህ ዕቃ ሞተሩን ሊያስቆም ይችላል ወይስ አይችልም የሚለው ነው።

እዚህ መኪና ላይ ሞተሩን የሚያስቆመው አንድ ብቻ ነው፦ የፓምፑን ማጥፊያ ሊቨር የሚጎትተው ትንሽ ሞተር። የሚያግዙ አሉ፦ ካንዴሌታው (ከመነሳት በፊት ሲሊንደሩን የሚያሞቀው) ከነመቆጣጠሪያ ሳጥኑ፣ ዲናሞው፣ ፍሬኖ ሞተሩ። ሌሎቹ ከመናገር አያልፉም፦ የሙቀት ሴንሰር፣ የዘይት ግፊት ስዊች፣ የናፍጣ ተንሳፋፊ፣ ውኃ መለያው ሥር ያለው ስዊች፣ የፍጥነት ሴንሰር። የሙቀት ጌጁ ሞቶ ሞተሩ አይነሳም ከተባለ ሁለቱ አይገናኙም፤ ጌጁን መለወጥ ገንዘብ መጣል ነው። ከፋብሪካ ያልመጡት ደግሞ ለብቻቸው ይቆጠራሉ፦ ጂፒኤስ፣ የፍጥነት መገደቢያ፣ ቴፕ፣ ስልክ ቻርጀር። ሲጠቃለል ብዙውን ጣጣ ያመጡት እነዚህ ናቸው።

ሳምንት 1፣ ባትሪው

መኪናው ሌሊቱን ቆሞ አደረ። ምንም ሳይከፈት የተለካው፦ ከሻንሲ ጋር በኔጌቲቭ የተያያዘው ባትሪ 12.1፣ የላይኛው 12.7 ቮልት። ድምሩ 24.8 ስለሆነ ጠቅላላውን ብቻ የሚለካ ሰው «ደህና ነው» ይላል። ሁለቱን ለየብቻ መለካት ግድ ነው። የሞላና ያረፈ ባትሪ ከ12.6 እስከ 12.8 ይሰጣል፤ 12.1 ማለት ግማሹ ሄዷል።

ምክንያቱ በዓይን የሚታይ ነበር። ሁለቱን ባትሪ ከሚያያይዘው ድልድይ ላይ ቀይ ሽቦ ወጥቶ ወደ ቴፑ፣ ወደ ቻርጀሩና ወደ ጂፒኤሱ ይሄዳል። 12 ቮልት ለማግኘት የተደረገ ነው። ጭነቱ በሙሉ የታችኛው ላይ ይወድቃል። ዲናሞው ግን የሚያየው ድምሩን ነው። ሞተር አስነስተን ስንለካ ድምሩ 28.0፣ የታችኛው 13.2፣ የላይኛው 14.8 ሆነ። የታችኛው በቂ አያገኝም፣ የላይኛው ከልክ በላይ እየተጫነ ይፈላል። ክዳኑ ሲከፈት የላይኛው ውኃ ከሰሌዳው በታች ወርዷል። አንዱ በረሃብ አንዱ በጥጋብ እንደሚሉት ነው፤ ሹፌሩ የሚያየው ግን ቀድሞ የሚሞተውን ብቻ ነው።

የተሠራው፦ ከድልድዩ የወጣው ሽቦ ተነሳ። 24 ወደ 12 የሚቀይር 10 አምፔር ኮንቨርተር ተገጠመ፣ መግቢያው ላይ ከባትሪው በ20 ሴንቲ ርቀት ፊውዝ ተደረገ። ኮንቨርተሩ የተያያዘው ቁልፍ ሲከፈት ብቻ ከሚመጣ መስመር ጋር ነው፤ ከቋሚ መስመር ጋር ካያያዙት ምንም ባይሠራም ራሱ ይበላል። ጂፒኤሱ 24 ቮልት እንደሚቀበል ጀርባው ላይ ተጽፎበት ነበር፣ በቀጥታ ተገጠመ። የታችኛው ባትሪ ለብቻው በዝግታ ቻርጅ ተደርጎ በማግስቱ 12.6 ያዘ፤ አልተለወጠም። የላይኛው በተጣራ ውኃ ተሞላ።

ከዚያ ሌሊት የሚበላው። ቴስተሩ 10 አምፔር ቀዳዳው ላይ ሆኖ በባትሪው ኔጌቲቭና በሻንሲው ኬብል መሐል ገባ፣ በሮች ተዘጉ፣ ቁልፍ ወጣ። 0.46 አምፔር። በዚህ ዓይነት መኪና ከ0.05 ብዙ ባይርቅ ይመረጣል። 0.46 ሲታይ ትንሽ ነው፤ ከቅዳሜ ማታ እስከ ሰኞ ጠዋት 36 ሰዓት ቢቆም ግን 16.5 አምፔር ሰዓት ይሆናል። ፊውዝ በፊውዝ እየተነቀለ ሲታይ 0.39ኙ ከፍጥነት መገደቢያው ሳጥን መጣ፣ 0.05ቱ ከጂፒኤስ።

ስህተት፦ ቴስተሩ በመስመሩ ላይ እያለ አንዱ ልጅ ካቢን ገብቶ ቁልፍ አዞረ። የቴስተሩ የውስጥ ፊውዝ ተቃጠለ። 180 ብር፣ እና ከደሴ እስኪመጣ አንድ ቀን። ከዚያ ወዲህ በዚህ ልኬት ጊዜ ቁልፉ ከቴስተሩ አጠገብ መሬት ላይ ይቀመጣል።

ሳምንት 1፣ ካንዴሌታ

ነጭ ጭስ እየተፋ አለመነሳት ጥሩ ምልክት ነው፤ ናፍጣው ሲሊንደር ገብቷል ግን አልነደደም ማለት ነው። ጭስ ጭራሽ ባይኖር ወደ ማጥፊያው ሊቨር ወይም ወደ አየር መሳብ ይኬድ ነበር። የቀረው ሙቀት፣ ኮምፕሬሽን ወይም የሞተሪኖ ፍጥነት ነው።

ሥርዓቱ ቀላል ነው። ካቢን ውስጥ ያለው ሳጥን ከሞተሩ ውኃ ሙቀት መረጃ ይቀበላል፣ በቅዝቃዜው ልክ ሪሌውን ለጥቂት ሰከንድ ይይዛል፣ ሪሌው 24 ቮልት ወደ አራቱ ካንዴሌታ ይልካል። ዳሽቦርድ ላይ ያለው ብርቱካናማ መብራት ሲጠፋ ሞተሪኖ ይመታል።

እዚህ ላይ ተሳሳትን፣ ስህተቱም ዋጋ አስከፈለ። በአምፖል ቴስት ላምፕ ካንዴሌታዎቹን የሚያያይዘው ሳህን ላይ ነካን፣ በደንብ በራ። «ኃይል ይደርሳል፣ ጊዜው ግን ያጥራል፤ ሳጥኑ ነው» አልን። ያገለገለ ሳጥን በ3,800 ብር ተገዛ፣ ተገጠመ። ምንም ለውጥ የለም። ቴስት ላምፕ ከአንድ አምፔር በታች ነው የሚወስደው፤ መንገዱ ጠባብ ይሁን ሰፊ ሊያውቅ አይችልም። በቀጭን ቱቦ ብርጭቆ መሙላት ይቻላል፣ በርሜል ግን አይሞላም።

ሁለተኛ ዙር፣ ካንዴሌታው እየሞቀ በቴስተር፦ ባትሪው ላይ 23.8፣ ከሳህኑ እስከ ሞተሩ ብሎክ 18.2። 5.6 ቮልት መንገድ ላይ ቀርቷል። ከየት? አንዱን የቴስተር እግር አንዱ ጫፍ፣ ሌላውን ሌላው ጫፍ ላይ እያደረጉ መስመሩን መከታተል ነው። የሪሌው ሁለት ወፍራም እግሮች መካከል 3.1። በዋናው ፊውዝ ማያያዣ ላይ 2.2፤ ፕላስቲኩ ቡናማ ሆኖ ቀልጧል። ከብሎክ እስከ ባትሪ ኔጌቲቭ 0.3። ሙቀት በቮልቱ ካሬ ስለሚሄድ 18.2 በ23.8 ቦታ ሲገባ ካንዴሌታው ከሚገባው ሙቀት ስድሳ በመቶ እንኳ አያገኝም።

ክላምፑ (ሽቦውን አቅፎ አምፔር የሚለካው) 22 አምፔር ብቻ አሳየ። ሳህኑ ተፈቶ እያንዳንዱ ካንዴሌታ በኦም ሲለካ ሦስቱ ተቀራረቡ፣ 3ኛው ሲሊንደር ላይ ያለው ክፍት ነው። ተቃጥሏል። አራቱም ተለወጡ። አንዱን ብቻ መለወጥ ይቻል ነበር፣ ግን ቀሪዎቹም እድሜያቸው አንድ ነው። ሲፈታ ሞተሩ ሞቅ ያለ ይሁን፤ በቅዝቃዜ በጉልበት ከተፈታ ጫፉ ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ውስጥ ተሰብሮ ይቀራል፣ ያን ጊዜ ወጪው ሌላ ነው። ሲገዛ 12 ቮልት የተጻፈበት እንዳይሆን ይታይ፤ ቅርጹ አንድ ነው፣ 24 ላይ ሲገጠም በሰከንዶች ይቃጠላል።

አዲስ ሪሌ 950 ብር። የቀለጠው ማያያዣ ተቆርጦ በ6 ሚሜ ካሬ ሽቦና በተጨመቀ ኬብል ጫፍ ተተካ። ከዚያ ክላምፑ 37 አምፔር አሳይቶ እየሞቀ ሲሄድ ወረደ፣ ሳህኑ ላይ 22.9 ቆመ። የድሮው ሳጥን ተመልሶ ገባ፤ ከመጀመሪያውም ደህና ነበር። የተገዛው መደርደሪያ ላይ ነው።

ያቺ 0.3 ቮልት አትናቅ። በ22 አምፔር 0.3 ከሆነች ሞተሪኖው በሚጎትተው ልክ ስንት ትሆናለች? ሞተሪኖ እየመታ ከብሎክ እስከ ባትሪ ኔጌቲቭ ሲለካ 2.4 ቮልት። ግማሽ ቮልት ሲያልፍ መስተካከል አለበት። ሞተሩን ከሻንሲው የሚያያይዘው የማሳ (የኔጌቲቭ መመለሻ) ሹራብ ሽቦ ግማሹ ተበጥሷል፣ የቀረው ከቀለም ላይ ነው የታሰረው። በ35 ሚሜ ካሬ፣ 60 ሴንቲ ኬብል ተተካ፤ ሻንሲው እስኪያበራ በሽቦ ብሩሽ ተፋቀ፣ ከታሰረ በኋላ ግሪስ ተቀባ። 2.4 ወደ 0.3 ወረደ። ሞተሪኖው የሚያሰማው ድምፅ ተለወጠ፤ ይህ በጆሮ የሚታወቅ ነው።

ሳምንት 2፣ የማይጠፋው ሞተር

ማጥፊያው ትንሽ ሞተር ቁልፍ ሲዘጋ ለአፍታ ዞሮ ሊቨሩን ይጎትታል፣ ቁልፍ ሲከፈት ይመልሳል። ማለትም ቁልፍ ከተዘጋ በኋላም ኃይል ይፈልጋል፣ ስለዚህ ቋሚ መስመር አለው። ያ መስመር ሲቋረጥ ሞተሩ አይጠፋም። ሊቨሩ ማጥፊያው ላይ እንዳለ ሲቋረጥ ደግሞ አይነሳም፤ ያን ጊዜ ነው ጭስ የሌለው።

ሶኬቱ ተከፍቶ ሲታይ ከሦስቱ እግር አንዱ አረንጓዴ ሆኗል። ጋራዡ ደጅ ላይ ሞተሩ በውኃ ግፊት ሲታጠብ የገባ ውኃ ነው። እግሩ ተፋቀ፣ ሶኬቱ ሌላ ሆነ። ዘንጉ ደግሞ ደርቆ በእጅም ይከብድ ነበር፤ ነጠብጣብ ዘይት በቂ ነው። ሊቨሩ በእጅ ሲለቀቅ በራሱ ስፕሪንግ መመለስ አለበት፤ ካልተመለሰ ችግሩ የፓምፕ ባለሙያ ነው እንጂ የኤሌክትሪሻን አይደለም።

ሹፌሩ ሊያውቀው የሚገባ፦ ሞተሩ ካልጠፋ ካቢኑ ተነስቶ የፓምፑን ሊቨር በእጅ መግፋት ይበቃል። ሊቨሩ ተገፍቶም ሞተሩ በራሱ ፍጥነት እየጨመረ ከሄደ ግን የሚያቃጥለው የራሱን ዘይት ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ከቱርቦ የሚመጣ። ያኔ ቁልፍም ሊቨርም አያቆመውም፤ አየር መዝጋት፣ ወይም መኪናው ቆሞ ሳለ በላይኛው (በፈጣኑ) ማርሽና በፍሬን ማነቅ ነው።

ሳምንት 2፣ የሙቀት ጌጅ

አንድ ሽቦ ያለው ሴንሰር ነው፤ ሲሞቅ ኦሙ ይወርዳል፣ ማሳውን የሚያገኘው በራሱ ጥርስ ከብሎኩ ጋር በመገናኘት ነው። ሽቦው ተነቅሎ ቁልፍ ሲከፈት መርፌው ሲ ላይ ይቀራል። ሽቦው ለሁለት ሰከንድ ብሎክ ሲነካ ወደ ኤች ሄደ። ጌጁና ሽቦው ስለዚህ ደህና ናቸው። ይህ ሙከራ ሁለት ደቂቃ ይወስዳል፣ ዳሽቦርድ ከመፍታት ያድናል።

ሴንሰሩ ሲወጣ ጥርሱ ላይ ነጭ ቴፍሎን ስድስት ሰባት ዙር ተጠቅልሏል። ውኃ እንዳይፈስ የተደረገ ነው። ውኃውንም ማሳውንም አቁሟል። ከሴንሰሩ አካል እስከ ብሎክ 40 ኦም ተለካ፣ ዜሮ አካባቢ መሆን ሲገባው። ጌጁ ያንን ተጨማሪ ኦም «ቀዝቃዛ» ብሎ ያነበዋል። አደገኛው ይህ ነው፤ ሞተሩ እየፈላ መርፌው ሲ ላይ ሊተኛ ይችላል።

ሴንሰሩ ራሱ በድስት ውኃ ተፈተነ። ቴርሞሜትር ገብቶ፣ ውኃው እየሞቀ ኦሙ ሳይዘል በእኩል መውረድ አለበት። ወረደ፤ ደህና ነው። በመዳብ ቀለበት ተመልሶ ገባ፣ ያለ ቴፍሎን።

ድስቱ ላይ ለሚሠራ ሰው፦ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት፣ ውኃ 94 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ስለሆነች 92 ላይ። «ሲፈላ 100 ነው» ብሎ ሴንሰር የሚፈርድ ሰው ደህናውን ይጥላል። ቴርሞስታቱም እንዲሁ፤ 82 የተጻፈበት በ82 መከፈት ይጀምራል እንጂ ሙሉ በሙሉ አይከፈትም። ክፍት ድስት ላይ ሙሉ መክፈቻውን ላታየው ትችላለህ፣ ተበላሽቷል ማለት አይደለም።

ሳምንት 3፣ ፍሬኖ ሞተር

ብዙ ቀን የበላው ይህ ነው። አሠራሩ ሞጁል የሚባል የለውም፦ ከመሪው ሥር ያለው እጀታ፣ የፍሪሲዮን ፔዳል ስዊችና የነዳጅ ፔዳል ስዊች በተከታታይ ናቸው። እጀታው ተጎትቶ፣ ሁለቱም እግር ከፔዳል ሲነሳ ብቻ 24 ቮልት ወደ ማግኔት ቫልቩ ይሄዳል። ቫልቩ ቫኪዩም ይለቃል፣ ቫኪዩሙ የጭስ ማውጫውን መዝጊያ ይጎትታል።

መጀመሪያ ቫልቩን በቀጥታ ከባትሪ ሰጠነው። ጠቅ አለ፣ መዝጊያው ግን በዝግታ ሄዶ ግማሽ ላይ ቆመ። ስለዚህ ሁለት ጥፋት አለ፣ አንዱ ከሽቦው ውጪ። የቫኪዩም ፓምፑ በዚህ መኪና ዲናሞው ጀርባ ላይ ነው፣ በሞተሩ ዘይት ይቀባል። ጌጅ ሲገጠምለት 430 ሚሊ ሜርኩሪ። መጽሐፍ ላይ 700 የሚጠጋ ቁጥር አይቶ ፓምፑን ያስፈታ አለ፤ ያ ለባሕር ወለል ነው። ኮምቦልቻ ላይ የአየሩ ግፊት ራሱ 607 አካባቢ ነው፣ ደሴ ላይ 560። አየሩ ከሚሰጠው በላይ ቫኪዩም የለም። እዚህ 560 እና ከዚያ በላይ ካገኘን ፓምፑ ጤነኛ ነው። የፍሬን አጋዡም የሚሠራው በዚሁ ቫኪዩም ስለሆነ ደሴ ላይ ፔዳሉ ከቆላው ትንሽ ቢከብድ አይገርምም።

430 ግን ያንሳል። ቱቦዎቹ አንድ በአንድ በፒንሳ እየታነቁ ሲታይ ወደ ማግኔት ቫልቩ የሚሄደው ቱቦ ሲታነቅ 570 ገባ። ጭስ ማውጫው አጠገብ አልፎ በሙቀት የተሰነጠቀ ነው። ሙቀት የሚችል ቱቦ፣ 80 ሴንቲ፣ 320 ብር። መዝጊያው ሙሉ በሙሉ ይዘጋ ጀመር።

በእጀታው ግን አሁንም አይሠራም። የፍሪሲዮን ስዊች ደህና። የነዳጅ ፔዳል ስዊቹ አይዘጋም። ስዊቹ ተነቅሎ በጣት ሲጫኑት ይሠራል። ፔዳሉ ወደ ላይ አልተመለሰም እንዴ? በዓይን ተመልሷል። በፊለር (በክፍተት መለኪያ) ሲለካ ግን በፔዳሉ ክንድና በስዊቹ ጫፍ መካከል 3 ሚሜ ቀርቷል።

የያዘው ካቢን ውስጥ አልነበረም። የፍጥነት መገደቢያው የነዳጅ ገመዱን የሚይዝ አንድ ክንድ አለው። ገመዱ በዚያ ክንድ ውስጥ ሲያልፍ በጥቂቱ ታጥፎ ስለሚወጠር የፓምፑ ሊቨር ወደ መጨረሻው አይመለስም። ሞተሩ ስራ ፈት ሲዞር ትንሽ ከፍ ብሎ ይዞር ነበር፣ ሹፌሩ «ለቅዝቃዜ ጥሩ ነው» ብሎ ትቶታል። የሌሊቱ 0.39 አምፔርም የዚሁ ዕቃ ነው፤ በቁልፍ መስመር ፈንታ ከቋሚው ጋር ታስሯል። የፍጥነት ምልክቱን የወሰደውም ከሴንሰሩ ሽቦ ላይ በሚነክስ ማያያዣ ነው፤ ዝናብ ሲዘንብ ኪሎሜትር መቁጠሪያው የሚሞተው ለዚህ ነው፣ ያንን ሹፌሩ አላስመዘገበም ነበር። አንድ ሳጥን፣ ሦስት ጥፋት፤ ሳጥኑ ራሱ ግን በደንብ ይሠራል። የተበላሸው አገጣጠሙ ነው።

መገደቢያው ማኅተም ስላለው እኛ አንፈታውም። ልኬቶቹ በወረቀት ተጽፈው ሹፌሩ ወደ ገጠመለት ድርጅት ወሰደ፦ ኃይሉ ከቁልፍ መስመር ይሁን፣ የገመዱ መያዣ 2 ሴንቲ ወደ ኋላ ይሂድ፣ የምልክቱ ሽቦ ይበየድና በሙቀት በሚጨማደድ ቱቦ ይሸፈን። ሁለት ቀን ቆየ። ሲመለስ የሌሊቱ ፍጆታ 0.07፣ የፔዳል ስዊቹ ይዘጋል፣ ፍሬኖ ሞተሩ ይይዛል።

ማሳሰቢያ፦ ከዚያ በፊት የፔዳል ስዊቹን 3 ሚሜ አስጠግተን «ተሠራ» ልንል ነበር። ቢደረግ ፍሬኖ ሞተሩ ይሠራል፣ ገመዱ የተስተካከለ ቀን ግን ስዊቹ ይጨፈለቃል።

ሳምንት 3፣ ብየዳው

የካሶኑ መያዣ ስለተሰነጠቀ ሥራው መሐል ላይ ተበየደ። ባትሪ ሳይነቀል። የብየዳው ማሳ የታሰረው ደግሞ ከሚበየደው ቦታ ሁለት ሜትር ርቆ ነበር። በማግስቱ ቻርጁ 30.8 ቮልት ሆነ፣ አንድ የፊት አምፖል ተቃጠለ። 27.5 እስከ 28.5 ነበር የሚገባው። ሬጉላተሩ ከዚያ ቀን በፊት 28.0 ይሰጥ ስለነበር ከብየዳው ሌላ የምንጠረጥረው የለም።

ዲናሞው ወረደ። ጀርባው ላይ ሁለት የዘይት ቱቦ አለ፤ ሳይደፈኑ ከተነቀሉ ዘይቱ ከታች ያለው ሰው ላይ ይወርዳል። ሬጉላተር 2,400 ብር፣ የቫኪዩም ፓምፑ ኦሪንግ 60 ብር። መልሶ ከመግጠም በፊት በዘይት መግቢያው ጥቂት ሲሲ የሞተር ዘይት ይጨመራል፣ አለበለዚያ የፓምፑ ምላሶች የመጀመሪያዎቹን ሰከንዶች በደረቁ ይፋጫሉ። ከተገጠመ በኋላ 28.1።

አሁን ግድግዳው ላይ ተጽፏል፦ ከብየዳ በፊት ሁለቱም የባትሪ ኬብል ይነቀል፣ የብየዳው ማሳ ከሚበየደው ብረት ላይ ይታሰር።

ሳምንት 4፣ ጥቁር ጭስ

ሹፌሩ ሐረጎ ላይ ጥቁር ጭስ ስላየ «ሴንሰሩ ይለወጥልኝ» አለ። እዚህ ሞተር ላይ ጭስ የሚቆጣጠር ሴንሰር የለም። የሚቀርበው ነገር ገቨርነሩ ላይ ያለው ዲያፍራም ነው፤ ከማኒፎልዱ በቀጭን ቱቦ የቱርቦውን ግፊት ይቀበላል፣ ግፊት ሲመጣ ብቻ ናፍጣ እንዲጨምር ይፈቅዳል። ሙሉ በሙሉ የብረትና የጎማ ሥራ። ያ ቱቦ ቢቀደድ መኪናው ይደክማል እንጂ አይጨስም። ጥቁር ጭስ አየር አነሰ ወይም ናፍጣ በዛ ማለት ነው። የአየር ማጣሪያው ወጣ፤ ከባቲ መንገድ የመጣ አቧራ ጠግቧል። ማጣሪያው ተለወጠ፣ ከቱርቦ ወደ ማኒፎልድ የሚሄደው ጎማ ማሰሪያ ጠበቀ። ጭሱ ማርሽ ሲቀየር ብቻ ለአፍታ ይታያል፤ ከዚህ በላይ የፓምፑ ዊንች አይነካም።

ሙከራ

ታኅሣሥ ላይ መኪናው ጭነቱን አራግፎ ደሴ አደረ። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል፦ ባትሪ 12.6 እና 12.6። ብርቱካናማው መብራት በርቶ ጠፋ፣ ሞተሪኖው ሲመታ ቮልቱ ከ20 አልወረደም፣ ሞተሩ በሁለት ሰከንድ ተነሳ፣ ነጭ ጭሱ ደቂቃ ሳይሞላ ጠራ። ሐረጎን በባዶ ሲወርድ በሦስተኛ ማርሽ በፍሬኖ ሞተር ብቻ ያዘ። ኮምቦልቻ ሲደርስ የጎማ ከበሮዎቹ በእጅ ጀርባ ሲቀረቡ ሞቃት ናቸው እንጂ አይሸቱም።

የወጣው፦ አራት ካንዴሌታ 4,400፣ ሪሌ 950፣ ኮንቨርተር 2,100፣ ኬብልና ጫፎች 1,750፣ ቱቦ 320፣ ሬጉላተርና ኦሪንግ 2,460፣ አምፖል 250፣ ማጣሪያ 1,900። በእኛ ስህተት የወጣው፣ ከባለመኪናው ያልተጠየቀ፦ ሳጥኑ 3,800፣ የቴስተር ፊውዝ 180፣ እንዲሁም ሬጉላተሩና አምፖሉ።

ያልተሠራ፦ የናፍጣ ጌጁ ግማሽ ሲደርስ ወደ ባዶ ይዘላል፣ ትንሽ ቆይቶ ይመለሳል። ሽቦው ማሳ ሲነካ መርፌው እስከ መጨረሻው ይሄዳል፣ ስለዚህ ጥፋቱ ሳልባትዮው ውስጥ ያለው ተንሳፋፊ ነው፤ የሬዚስታንሱ ሽቦ መሐሉ ላይ ተበልቷል። ለማውጣት ሳልባትዮው ባዶ ቢሆን ይሻላል፣ መኪናው ግን ትናንት ሞልቶ ነው የመጣው። እስከዚያ ሹፌሩ በኪሎሜትር እየቆጠረ ይቅዳ ተብሏል።